ሃያ ሦስቱ ገጾች

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ወቅት፣ ደሴ ከተማ ሸዋ በር ሰፈር ጦይባ አደም የምትባል ሴት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ውስጥ የሰው ክስና የሰው መልስ ስትተይብ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አባቷ ሼህ አደም ሲሞቱ የተዉላት አንድ ቤትና አሥራ ሰባት ደብተር ነበር። ቤቱን ትኖርበታለች፤ ደብተሮቹን ግን ማንበብ አትችልም። ሼህ አደም የሚጽፉት በዓጀሚ ነበር፤ ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዓረብኛ። እሱም ቢሆን እንደ ሌላው ሰው ዓጀሚ አልነበረም። በዓረብኛ ለሌሉት ለ«ጨ»ና ለ«ኘ» የራሳቸውን ምልክት ፈጥረው፣ አናባቢውን እየዘለሉ፣ እንደሚቸኩል ሰው ነበር የሚጽፉት። ቁርዓን የቀራ፣ ዓረብኛ የተማረ ሰው ሁሉ ደብተሩን ገልጦ ሁለት መስመር ይሄድና ግንባሩን አሽቶ ይመልስላታል።

«የአገሩን ጽሑፍ ስጽፍ ኖሬ የአባቴን ሳላነብ ልሙት?» ትል ነበር ጦይባ።

ይህን ቁጭቷን የሚያወጡላት ሦስት ሰዎች ተገኙ። ሦስቱም የሚችሉትን ሠሩ፤ የሠሩትም አንድ ሥራ ነው። ዛሬ ግን ሦስቱ ሰላም አይባባሉም። አንዱ ባለበት ለቅሶ ቤት ሌላው አይገባም።

የመጀመሪያው ሙዘይን ነው። በከተማው ባለ አንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ያስተምራል። ወሬ አያበዛም፤ ሰው ሥራው ላይ ሲናገረውም አይወድ። ደብተሮቹን አገላብጦ አየና «እትዬ ጦይባ፣ እኔም ማንበብ አልችልም። የሚያነብ ፕሮግራም ግን እሠራለሁ» አላት። እሷ ሣቀች። እሱ አልሣቀም። ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሣ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከክፍል ሲወጣ ቁጭ፣ ቅዳሜ ቁጭ፣ በዒድ ማግስት ቁጭ እያለ፣ መስመርን ከመስመር የሚለይ፣ ነጥብን ከቀለም ጠብታ የሚያበጥር ፕሮግራም ጻፈ። ስሙንም በአባቷ ስም «አደም» አለው። ጦይባ ያን ቀን አለቀሰች። ሙዘይን የጻፈውን ኮድና ፎቶዎቹን ፕሮግራም ሠሪዎች ሥራቸውን ሌላው እንዲያይና እንዲያግዝ በሚያኖሩበት የኢንተርኔት ማኅደር ውስጥ አስቀመጠ። ደግም አደረገ፤ በዚያው ክረምት የጦይባ ጣሪያ አፍስሶ ከአሥራ ሰባቱ ደብተሮች አራቱ ርሰው ገጻቸው እንደ ሊጥ ተጣበቀ። ከእነሱ የተረፈው የሙዘይን ፎቶ ብቻ ነው። ይሁንና «አደም» ማየት እንጂ ማንበብ አላወቀም። ከመቶ ፊደል ሠላሳውን ቢያገኝ ነው። ያስተማረው የለማ!

ሁለተኛው ሼህ ይማም ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ደርሷል፤ አንዱ ዓይናቸው ሞራ ይዞታል። በወጣትነታቸው የሼህ አደም ደረሳ፣ የቤት ተማሪያቸው ነበሩ፤ ቀለም የሚበጠብጡላቸው፣ ወረቀት የሚይዙላቸው። ወሬውን ሰምተው በራሳቸው እግር ኮሌጁ ድረስ መጡ። «የመምህሬን እጅ የማውቅ የቀረሁት እኔ ነኝ» አሉ። ሙዘይን ማሽኑ ፊት አስቀመጣቸው። ማሽኑ አንድ መስመር ያሳያቸዋል፤ እሳቸው ንባቡን በአንድ ጣት እየፈለጉ ይጽፉለታል። አንድ ዓመት ከሁለት ወር እንዲህ አደረጉ። ስድስት ሺህ አራት መቶ መስመር! ሦስት ነጥብ የተደረበበት ፊደል «ጨ» እንደሆነ፣ ጭራው የተቆለመመው «ኘ» እንደሆነ ለማሽኑ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ማሽኑ ከሠላሳ ተነሥቶ ዘጠና ደረሰ።

ጦይባ አባቷን አነበበች። መንዙማውን፣ የዝናቡን ዘመን፣ ለእናቷ የጻፉትን የናፍቆት ቃል አነበበች። ከሁሉ የወደደችው ግን ዱዓዎቹን ነበር። «ያ ረቢ፣ የተጠማውን መሬት አጠጣ፤ የተኳረፈውን ጎረቤት አገናኝ» የሚለውን በቃሏ ይዛ ጠዋት ጠዋት ትለዋለች።

ሦስተኛዋ ትርሲት ናት። የኮምቦልቻ ልጅ፣ እዚያው በአንድ ድርጅት ፕሮግራም ሠሪ። ዓረብኛ አታውቅም፤ ዓጀሚ የሚባል ነገር መኖሩንም ከዚያ በፊት አልሰማችም። የሙዘይንን ሥራ ከማኅደሩ አግኝታ ገረማት። ስትሞክረው ግን በሙዘይን ኮምፒውተር ላይ እንጂ በሌላ አይሠራም፤ ከሼህ አደም እጅ በቀር የሌላ ሰው ጽሑፍ ከሰጡት ይንተባተባል። ማስተካከያ ጻፈችና ላከችለት። ዝም። ሌላ ላከች። ዝም። አርባ አንድ ማስተካከያ ላከች፤ አንዷን እንኳ ከፍቶ አላየም።

ጦይባ ነገሩን ሰምታ ጠየቀችው። «ልጅቷ ምን አጠፋች?»

«እትዬ፣ ቤት ሠርተው ከጨረሱ በኋላ አንድ መንገደኛ መጥቶ ምሰሶውን ልንቀል ቢልዎት ምን ይሉታል?»

«ምሰሶው ዘሞ ቢሆንስ?»

«ይዝመም። እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

ትርሲት ለምና ሲሰለቻት የኮዱንና የሼሁን መስመሮች ቅጂ ወስዳ የራሷን ቀጠለች። ፎቶዎቹ ከባድ ስለነበሩ ግማሹን አውርዳ ሌላውን በየጊዜው ከሙዘይን ማኅደር እየጠራች ነበር የምትሠራው። ከሥሩ አፈረሰችውና በማንኛውም ስልክ የሚሠራ አደረገችው። የማንንም እጅ እንዲለምድ አደረገችው። ከዚያ ሰው መጣ። ከወረባቦ፣ ከቃሉ፣ ከወሎው ቦረና፣ በሣጥንና በአገልግል የተቀበረ መጽሐፍ ያላቸው አርባ ቤተሰቦች በስልካቸው የአያቶቻቸውን ጽሑፍ አነበቡ። ንባቡን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ ስሕተቱን እያረሙ ማሽኑን አስተማሩት። ስሙን ግን ለወጠችው። «አደም» ቀርቶ «ንባብ» ተባለ።

ጦይባ ደወለችላት። «የአባቴ ስም ምን በድሎሽ ፋቅሽው?»

«አልፋቅኩትም እትዬ። ታች ላይ አለ።»

«ታች!»

«የወረባቦ ሰዎች የአያታችንን መጽሐፍ በሌላ ሰው ስም አናስነብብም አሉኝ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏቸው ነበር?»

ጦይባ ስልኩን ዘጋችባት። ከዚያ በኋላ ትርሲት ስትደውል አታነሣም።

ጠቡ የከረረው አንድ የቅርስ ደላላ ቦረና በወረደ ጊዜ ነው። «ንባብ»ን ስልኩ ላይ ጭኖ አንዲት መበለት ቤት ገባ። የመጽሐፏን መጨረሻ ገጽ ፎቶ ሲያነሣ ስልኩ የተጻፈበትን ዘመን አነበበለት፤ መጽሐፉ የሁለት መቶ ዓመት ነው። ደላላው ይህን ከሴትየዋ ደበቀ። አንድ ብርድ ልብስ ሰጥቶ ይዞት ሄደ።

ሙዘይን ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ይኸው! በሩን ገንጥላ ለሌባ ሰጠችው» አለ። ያኑ ቀን ማኅደሩን ዘጋው። ፎቶውን፣ መስመሮቹን፣ ኮዱን፣ ሰባት ቤተሰቦች አምነው እዚያ ያኖሩትን የመጽሐፍ ፎቶ ሳይቀር፣ ሁሉንም። የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል ሻረ፤ ቁልፉ በእሱ እጅ ብቻ ቀረ። በዚያ መዝጋት ውስጥ ስጋት ነበረበት፣ ንዴትም ነበረበት፣ ያወጣሁት ስም ተፋቀ ማለትም ነበረበት። የትኛው እንደበዛ እሱም አያውቅ። በማግስቱ ሼህ ይማም እንደ ልማዳቸው መጥተው ቢቀመጡ ማሽኑ አላስገባም አላቸው።

«እርስዎን ብዬ አይደለም ሼሁ» አለ ሙዘይን።

«እኔን ነው እንጂ። በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ» አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። አልተመለሱም።

ትርሲት ቅጂዋ በእጇ ስለነበረ ሥራዋን አላቆመችም። በዚህ መሀል አንድ ነገር አስተዋለች። ማሽኗ ከአርባው ቤተሰብ መጻሕፍት ብዙ ተምሮ ሲያበቃ፣ በሼህ አደም ደብተሮች ላይ ካሉት ገጾች በአንዳንዶቹ ከሼህ ይማም ንባብ ጋር አልስማማ አለ። መጀመሪያ ማሽኑ የተሳሳተ መሰላት። ከዚያ ቆጠረች። በእጇ ካሉት ፎቶዎች አለመስማማቱ ያለው በአሥራ አንድ ገጾች ላይ ብቻ ነው፤ በእነዚያ አሥራ አንድ ገጾች ላይ ደግሞ አንድም መስመር አልገጠመም። ጦይባ የምትወዳቸው ዱዓዎች ያሉት እነዚያው ገጾች ላይ ነው። ለሙዘይን ጻፈችለት፤ አልመለሰም። ለጦይባ ደወለች፤ አላነሣችም። «እንግዲህ እውነቱ ለሁሉ ይታይ» ብላ የሼሁን ንባብ ሰርዛ ማሽኑ ያነበበውን አወጣችው።

ጦይባ ያወቀችው ጎረቤት በስልኩ ሲያሳያት ነው። በቀጥታ ሼህ ይማም ልጆች ቁርዓን ወደሚያስቀሩበት ደጅ ሄደች።

«ያ የዝናቡ ዱዓ የአባቴ ነው?»

ሼሁ በእጃቸው ልጆቹን አሰናበቱ።

«የአባቴ ነው ወይ?»

«የኔ ነው» አሉ። «አባትሽ እዚያ ላይ የጻፉት ሰው ሊያነበው የማይገባ ነው። የደም ነገር ነው። ማን ማንን እንደገደለ፣ እሳቸው ዘንድ ለሽምግልና መጥቶ እንዴት እንደተያዘ ነው። ያኔ ቀለም የያዝኩት እኔ ነኝ። እንዳላወጣው ቁርዓን አስይዘው አስምለውኛል።»

«እና በአባቴ አፍ ገብተው ተናገሩ?»

«አፋቸውን ዘጋሁላቸው እንጂ አልተናገርኩም።»

ጦይባ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷ ያላሉትን ስትደግም ከርማለች። ሼሁን ለመስደብ አፏን ከፈተች፤ ዕድሜያቸው አፈናት። ዘወር ብላ ሄደች።

በዚያው ሰሞን ከአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ደብዳቤ መጣላት። ቤተ መጻሕፍቱ ይህን ፕሮግራም ተረክቦ በወሎ ቤቶች ሁሉ ምስጥ የሚበላውን መጽሐፍ ሊያስነብብበት፣ ሊያስጠብቅበት ይፈልጋል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው። ምን እንደሚከፈት፣ ምን እንደሚዘጋ የሚወስን፣ ቁልፉን የሚይዝ አንድ ሰው ይኑር፤ እሱንም የደብተሮቹ ወራሽ ጦይባ ፈርማ ትሰይም። «የሚጣሉ ሦስት ሰዎች አንቀበልም። እስከ ማክሰኞ አንድ ስም ይላኩልን» ይላል።

ጦይባ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱንም ቤቷ ጠራቻቸው። መጡ። ሙዘይን ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ፣ ሼህ ይማም መስኮቱ ሥር፣ ትርሲት ከሁለቱም ርቃ ተቀመጠች። የቀረበላቸውን ሻይ ማንም አልነካም።

«ሌባ ናት» አለ ሙዘይን፣ ወደ ጦይባ እያየ።

«ስሰርቅ አየኸኝ ወይስ ስትዘጋ አየሁህ?» አለች ትርሲት። «ሰባት ቤተሰብ ከስልኩ ላይ የአያቱ መጽሐፍ ፎቶ ሲጠፋበት እኔ ጋ ነው የጮኸው።»

«ሁለታችሁም ልጆች ናችሁ» አሉ ሼህ ይማም። «የያዛችሁት እሳት መሆኑን አታውቁትም።»

«እርስዎስ? ለማሽን ይዋሻል እንዴ? ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ይሳሳታል እያልን ራሳችንን ስንበላ!» አለ ሙዘይን። በዚህ በዚህ ከትርሲት ጋር አንድ ቃል ነበሩ፤ እርስ በርስ ግን አልተያዩም።

በዚህ መሀል የግቢው በር ተደበደበ።

የመጡት ሼህ ይማምን ቤታቸው ፈልገው አጥተው የተከተሉ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው ሙሄ ይባላል፤ አንደኛው ወንድሙ ክላሽ አንግቷል፣ ሌላው ዱላ ይዟል። ሙሄ በእጁ የታተመ ወረቀት ይዞ ያውለበልባል። ትርሲት ካወጣቻቸው ገጾች አንዱ ነው። «የእብሬ የበኩር ልጅ ገደል አልገባም። የገደለው ወሌ ነው» ይላል። እብሬ የሙሄ አያት ናቸው። ወሌ ደግሞ የሼህ ይማም አጎት፣ የእናታቸው ወንድም ነው።

«አምሳ አምስት ዓመት ገደል ገባ ስንባል ኖርን!» አለ ሙሄ ከግቢው። «የወሌን እኅት ልጅ አውጡልን!»

ጦይባ በሩን ልትዘጋ ተነሣች። በዚያች ቅጽበት ቀና ብላ ሼህ ይማምን አየቻቸው። የመምህራቸውን መሐላ ነው የጠበቁት ወይስ የአጎታቸውን ወንጀል?

ትርሲት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወጣች። «ተዪ! አንቺ ልጅ!» አለች ጦይባ፤ አልሰማቻትም። ግቢው መሀል ቆመች። «ያንን ጽሑፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቀጣዩ ገጽ አለ፤ እኔ ጋ ስላልነበረ አላወጣሁትም። ግማሽ መሆኑን ግን አልጻፍኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።» ዱላ የያዘው ወንድም ክንዷን መታት። የአጥንቱ ድምፅ ቤት ውስጥ ተሰማ። ተንበረከከች፤ ወደ ኋላ ግን አላለችም። «ሌላውን ግማሽ ሳታዩ ሰው ትገድላላችሁ?» አለች።

ሙሄ ወንድሙን በእጁ ገታው። «የታል ሌላው ግማሽ?»

ሌላው ግማሽ የራሰው ደብተር ላይ ነበር። ወረቀቱ ጠፍቷል፤ ፎቶው ያለው ሙዘይን በዘጋው ማኅደር ውስጥ ነው። ሙዘይን ላፕቶፑን ከፍቶ ወደ ደጁ ሊያሳይ ሲል ሙሄ አቋረጠው። «አንተ አሁን የሠራኸውን ምስል አላይም። በራሴ ስልክ፣ በራሴ እጅ ካላየሁት አላምንም።» በሙሄ ስልክ ላይ ያለው «ንባብ» ነው፤ «ንባብ» ደግሞ የሚደርሰው ለሁሉ ወደ ተከፈተ ማኅደር ብቻ ነው። ሙዘይን ማኅደሩን ለአንድ ሰዓት እንኳ ከከፈተ ደላሎቹ የሰባት ቤተሰብ መጻሕፍት ፎቶ እንደሚያግዙ ያውቃል፤ በሩን ጠብቀው እንደሚያድሩ ያውቃል። ጣቶቹ ቆሙ። ግቢ ውስጥ የተንበረከከችውን ልጅ አየ። ከዚያ የይለፍ ቃሉን መታና ሁሉንም ከፈተው።

ሙሄ በስልኩ ገጹን አገኘ። ፎቶው የተነሣበት ቀን ከአምስት ዓመት በፊት መሆኑ ተጽፎበታል። ማሽኑ አነበበለት። «እብሬ በአርባኛው ቀን እኔ ዘንድ መጣ። ወሌም ከወንድሞቹ ጋር ድንጋይ ተሸክሞ ከእግሩ ሥር ወደቀ። እብሬም ሰዎቹን...» እዚያ ላይ ማሽኑ ቆመ። አናባቢ የለም። «ማረ» ይሆናል፤ «መራ» ይሆናል። ሰዎቹን ይቅር አለ ወይስ ሰዎቹን አስከትሎ ሄደ? ማሽኑ ሁለቱንም እኩል አድርጎ አስቀመጣቸው።

«መራ ነው» አለ ክላሽ ያነገተው። «አያታችን ደም የሚተው ሰው አልነበረም።»

ሼህ ይማም በከዘራቸው እየተደገፉ ወጡ። ክላሹ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እኔን እንዳታምኑኝ» አሉ። «የገዳይ የእኅት ልጅ ነኝ። መምህሬ የጻፉትን ግን እዩ። በገጹ ጠርዝ ላይ ሁለት ጭረት ተጋጥሞ እንደ ቋጠሮ ታስሯል። ደም በእርቅ ሲደርቅ እንዲህ ያስሩታል። ሳይደርቅ ሲቀር አንድ ጭረት ብቻ ይተዋሉ። የደም ገጾቹ ሃያ ሦስት ናቸው፤ ምልክቱን አይታችሁ ፈልጓቸው። በአንዱ ላይ ብቻ ነጠላ ጭረት አለ። የእነዚያን ቤት መጨረሻ አገር ያውቀዋል፤ ወንድ ሳይቀር ተላልቀዋል።»

ምልክቱን መንገር ትርሲት ያላገኘቻቸውን ጨምሮ ሃያ ሦስቱንም ገጾች መንገር ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስልክ ያለው ሁሉ ያገኛቸዋል። አምሳ አምስት ዓመት የጠበቁት መሐላ እዚያ ግቢ ውስጥ ፈረሰ።

ሙሄ ገጽ በገጽ አየ። ነጠላውን ጭረት አገኘው። ወደ አያቱ ገጽ ተመለሰ፤ ቋጠሮውን ረጅም ጊዜ አየው። ደስ አላለውም።

«ለኛ ሳይነግረን ማረ» አለ። ከዚያ ሼሁን አየ። «የምመለሰው ለአያቴ ስል ነው። አንተን ግን ከዛሬ በኋላ ቀብር ላይ እንኳ እንዳላይህ።» ወንድሞቹን ይዞ ወጣ።

እንግዲህ ሰው ተረፈ። እርቅ ግን አልወረደም። ጦይባ ልጅቷን ደግፋ ወደ ቤት እያስገባች ሳለ ሙዘይን ትርሲትን «በአንቺ ምክንያት ነው የመጡት» አላት። ትርሲት ክንዷን እንደያዘች «አንተ ባትዘጋው ግማሹን አወጣ ነበር?» አለችው። ሼህ ይማም «ሁለታችሁም ዝም ብትሉኝ ኖሮ ሙሄ ቤቱ ተኝቶ ነበር» አሉ። «እርስዎ ባይዋሹ ኖሮስ?» አሏቸው ሁለቱ ባንድ ላይ።

ጦይባ «ሦስታችሁም አብራችሁ ብትይዙትስ? ቤተ መጻሕፍቱን እለምናለሁ» ብትል ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቁልፉ ቢሰጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» አለች።

«እዘጋዋለሁ» አለ ሙዘይን። «ባለ መጽሐፉ ሲፈቅድ ብቻ፣ እኔ ለማውቀው ሰው ብቻ እከፍታለሁ።»

«እነዚያን ሃያ ሦስት ገጾች፣ ሌላ ቤትም እንደነሱ ያለ ካለ፣ ከማሽኑ አጠፋለሁ» አሉ ሼህ ይማም። «የቀረውን ሁሉ ለሰው እሰጣለሁ።»

«ሁሉንም እከፍታለሁ» አለች ትርሲት። «ማን እንዳነበበው፣ መቼ እንዳነበበው፣ ሙሉ ይሁን ጎደሎ ተጽፎበት። የተደበቀው ነው የሚያጋድለው።»

በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት የሆነው ይህ ነው። ደላሎቹ የሰባቱን ቤተሰብ ፎቶ አግዘው ወሰዱ፤ ሁለት ቤተሰቦች ሙዘይንን ሰደቡት። ትርሲት ክንዷ በጀሶ ታሰረ። የሼህ ይማም ደረሶች ወላጆች ልጆቻቸውን ከደጃቸው አነሡ፤ ዋሾ ሼህ አያስተምርልንም አሉ። ከወረባቦ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ለጦይባ ደውለው ከሃያ ሦስቱ በአንዱ ላይ የአባታቸውን ስም ማግኘታቸውን ነገሯት። ወዲያው ስልኩን ዘጉት።

ማክሰኞ ጠዋት ጦይባ ወረቀቱን ዘርግታ ተቀምጣለች። ስም የሚጻፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። አንዱን ስታስብ አባቷን ቆልፎ ያስቀመጠው እሱ መሆኑ ትዝ ይላታል፤ ደግሞም እሱ ባይኖር አባቷ እንደ ሊጥ ተጣብቀው በቀሩ ነበር። ሁለተኛውን ስታስብ በአባቷ አፍ ያላሉትን ማናገራቸው ያንገበግባታል፤ ደግሞም አባቷን ያነበቡላት እሳቸው ናቸው፣ ሰው ሊሞት ሲልም መሐላቸውን የበሉት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛዋን ስታስብ የአባቷን ስም ታች ያወረደች፣ ደም ያነሣች ናት፤ ደግሞም በዱላ ፊት የቆመች፣ ለማንም ዘመድ ያልሆነ ምስክር፣ በሁሉ ሰው ስልክ የሚያነበውን ማሽን፣ የሠራች እሷው ናት።

የቤተ መጻሕፍቱ መልእክተኛ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የሠራው፣ ያስተማሩት፣ ለሁሉ ያደረሰችው፤ የዘጋው፣ የዋሹት፣ ያወጣችው። እናንተ በጦይባ ቦታ ብትሆኑ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?